የአማርኛ ዌብሳይት ልትሠሩ ነው? ሲኤምኤሱን ከመምረጥ እስከ ማስተካከል

ዌብሳይት የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ብር ያስወጣል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ስለ ዲዛይኑ ይጠይቃል። ሥራው ከተረከበ በኋላ በየሳምንቱ ማን እንደሚጽፍበት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሲኤምኤስ ምርጫን የሚወስነው ደግሞ ይኸው ጥያቄ ነው። ሲኤምኤስ ማለት ኮድ ሳትነኩ ጽሑፍ የምታወጡበት፣ ፎቶ የምትጭኑበት፣ ሜኑ የምትቀይሩበት የዌብሳይቱ ጓዳ ነው። ጓዳው ለሚሠራበት ሰው ካልተመቸ ዌብሳይቱ በሁለት ወር ውስጥ ይሞታል። የመጨረሻው ዜና የምረቃው ዜና ሆኖ የቀረባቸው ስንት ዌብሳይቶች አሉ!

ሌላው ጉዳይ አማርኛችን ነው። የታወቁት ሲኤምኤሶች በሙሉ አማርኛ ይቀበላሉ። ተቀብሎ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው። በትክክል ማሳየት፣ ሲፈለግ ማግኘት፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መጻፍ ግን ሌላ ነው። እነዚህን ራሳችን ማስተካከል አለብን። እዚህ ላይ ትንሽ ሰፋ አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር እንውሰድ። አባላቱ አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ፍራንክፈርትም አሉ። ዜና ያወጣል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ መተዳደሪያ ደንብና ቃለ ጉባኤ ያስቀምጣል፣ መዋጮ ይሰበስባል። ጽሑፉን የምታወጣው የማኅበሩ ጸሐፊ ናት። ሙያዋ ሒሳብ ነው። አብዛኛውን ሥራዋን የምትሠራው በስልኳ ነው።

1. ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። ማን ይጽፋል? በስልክ ነው በኮምፒውተር? በስንት ቋንቋ? ገንዘብ ይቀበላል? ሲበላሽ ማን ይጠራል? ለእሱስ ማን ይከፍላል?

ከዚያ የሚወጡትን ነገሮች በዓይነት በዓይነት ለዩ። ለማኅበራችን ሦስት ዓይነት ናቸው። ዜና ርዕስ፣ ጽሑፍና ፎቶ አለው። ዝግጅት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ አለው። ሰነድ ደግሞ ፋይልና ዓመት አለው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ኋላ ብዙ ድካም ያድናል። ዝግጅቱን እንደ ተራ ጽሑፍ ከጻፋችሁት ያለፈው ስብሰባ ከሚመጣው ጋር ተደባልቆ ይቀራል። ቀኑ ለብቻው ከተመዘገበ ግን ሲስተሙ ያለፈውን ራሱ ወደ ታች ያወርደዋል።

2. የትኛው ይሻላል?

ዎርድፕሬስ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አለ። ከዓለም ዌብሳይቶች ከ10ሩ 4 ያህሉ በእሱ የሚሠሩ ናቸው። ለእኛ ዋናው ጥቅሙ ብዛቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዎርድፕሬስ የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት አይቸግርም። የሠራላችሁ ሰው አገር ቢቀይር ሌላ ሰው ይተካዋል። አንድ ነገር ለዩ፦ ዎርድፕሬስ ዶት ኮም የኪራይ አገልግሎት ነው። ከዎርድፕሬስ ዶት ኦርግ የሚወርደው ግን ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ በራሳችሁ ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ በሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) ላይ ትጭኑታላችሁ። ከዚህ በኋላ ዎርድፕሬስ ስል ይህን ሁለተኛውን ማለቴ ነው።

ድሩፓል ጠንካራ ነው። ብዙ ቋንቋ የማስተናገድ አቅሙ ከእ.ኤ.አ. 2015ቱ ድሩፓል 8 ጀምሮ በራሱ ውስጥ የተሠራ ነው። ማን ምን ማየትና ማረም እንደሚችል በዝርዝር መወሰን ያስችላል። ብዙ መምሪያ ላለው ትልቅ መሥሪያ ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ እመክረዋለሁ። ግን ቋሚ ባለሙያ ይፈልጋል። ድሩፓል 7 እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ድጋፉ ተቋርጧል፤ እሱ ላይ የቀረ ድርጅት ወደ አዲሱ ለመሻገር እንደ አዲስ የመሥራት ያህል ይደክማል። ለትንሽ ማኅበር ይህን ሸክም አላሸክምም።

ጁምላ በሁለቱ መካከል ነው። ብዙ ቋንቋ ያለ ተጨማሪ ፕለጊን (አቅም የሚጨምር ተቀጥላ ሶፍትዌር) ይችላል። መጥፎ አይደለም፤ ግን የሚያውቀውን ሰው እንደ ልብ አታገኙም።

ጎስት ለጸሐፊዎች በጣም ደስ ይላል። አጻጻፉ ንጹሕ ነው፤ ኢሜይል ለአባላት መላክም አብሮት አለ። የክፍያ ሥርዓቱ ግን የተሠራው ስትራይፕ በሚባለው የውጭ አገር የኦንላይን ክፍያ አገልግሎት ላይ ነው። ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ድርጅት አካውንት አይከፍትም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ውስጥ የተመዘገበ ማኅበር ከሆናችሁ ያስኬዳል።

ዊክስና ስኩዌርስፔስ ኪራይ ናቸው። ለመጀመር ፈጣን ናቸው፤ ሆኖም ልውጣ ስትሉ ዌብሳይቱን እንዳለ ይዛችሁ አትወጡም። በዚያ ላይ በየጊዜው ከውጭ አገር ካርድ ላይ ይከፈላል። ካርዱ የአንድ አባል ከሆነና ያ አባል ከማኅበሩ ከወጣ ችግር ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ዎርድፕሬስ። ጸሐፊዋ በስልኳ ትጽፍበታለች፣ የሚጠግነው ሰው አይጠፋም፣ ንብረቱም የማኅበሩ ነው።

3. ከመክፈላችሁ በፊት በአማርኛ ፈትኑት

ዎርድፕሬስ ፕሌይግራውንድ የሚባል ነገር አለ። ብሮውዘር ላይ ብቻ ይሠራል። ምንም መጫን፣ ምንም መክፈል የለም። ካላስቀመጣችሁት ገጹን ስትዘጉት ይጠፋል። ለሙከራ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። እዚያ የወደዳችሁትን ቴም (የዌብሳይቱን መልክ የሚወስነውን ዲዛይን) ጫኑና እውነተኛ የአማርኛ ጽሑፍ አስገቡበት። የእንግሊዝኛ ማሳያውን አይታችሁ አትወስኑ። ቴም ሻጮች የሚያሳዩት ሁልጊዜ አጭር የእንግሊዝኛ ርዕስ በትልልቅ ፊደል ነው። የእኛ ርዕስ ደግሞ «የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ የሚካሄድበት ቀን መራዘሙን ስለማሳወቅ» ነው። ይህ በስልክ ላይ ስንት መስመር ይወጣዋል? የሜኑው ቃላትስ ይተጣጠፋሉ?

ለፈተና የሚሆን ዓረፍተ ነገር ይኸው፦ «ጧት በቋሚ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ የጓደኛችንን ሟች አባት አሰብን፤ ኋላም መዋጮው ተቆጠረ፦ 4,500 ብር።» ጧ፣ ቋ፣ ጓ፣ ሟ፣ ኋ አሉበት። ድርብ ሰረዝ፣ አራት ነጥብና ቁጥርም አሉበት። ይህን አንዴ በተራ፣ አንዴ በቦልድ፣ አንዴ በርዕስ መጠን ጻፉትና በሁለት ሦስት የተለያዩ ስልኮች ላይ እዩት። ከዚያ ስልኩን ለጸሐፊዋ ስጧትና «አንድ ዜና ከነፎቶው አውጪ» በሏት። አጠገቧ ቁሙ፤ ግን አትርዷት። የተደናቀፈችበትን ቦታ ብቻ ጻፉ። ምርጫው ትክክል መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

4. ዶሜይንና ሆስቲንግ

ዶሜይኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ ስም) በማኅበሩ ስም፣ በማኅበሩ ኢሜይል ይመዝገብ። በሠራው ልጅ ስም አይሁን። ይህን አጥብቄ የምናገረው ከሌሎቹ ስሕተቶች ሁሉ ለመጠገን የሚያስቸግረው ይህ ስለሆነ ነው። ፓስወርድ ይቀየራል፣ ቴም ይቀየራል፤ በሌላ ሰው ስም ያለ ዶሜይን ግን የእናንተ አይደለም። ዶት ኢቲ ከፈለጋችሁ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ዶት ኮም ወይም ዶት ኦርግ ከሆነ በብር የሚያስከፍሉ አገር ውስጥ ያሉ ሻጮች አሉ፤ የውጭ ካርድ ለሌለው ይህ ይቀላል።

ከሆስቲንጉ የምትፈልጉት ጥቂት ነው። ዎርድፕሬስ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፒኤችፒ፣ አዲስ ይሁን፤ 8.3 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬት በነፃ ይሰጥ። በየቀኑ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይኑረው። ኢንትል የሚባለው የፒኤችፒ ኤክስቴንሽን እንዲበራላችሁ ጠይቁ፤ ለቀን አቆጣጠሩ እንፈልገዋለን።

ጽሑፎቹ የሚቀመጡበት ዳታቤዝ ዩቲኤፍ-8 ኤምቢ 4 በሚባለው ኢንኮዲንግ (ፊደላት በቁጥር የሚመዘገቡበት ሥርዓት) ይሁን። አዲስ ዎርድፕሬስ ስትጭኑ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይመርጠዋል። ከድሮ ዌብሳይት የሚመጣ ዳታቤዝ ከሆነ ግን አጣሩ። ኢንኮዲንጉ ካልተስማማ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይወጣል። አንዴ እንደ ጥያቄ ምልክት ሴቭ ከተደረገ ደግሞ ፊደሉ ተመልሶ አይገኝም።

5. የመጀመሪያ ሴቲንጎች

የዌብሳይቱን ቋንቋ አማርኛ አድርጉት። ይህን ስታደርጉ ገጹ በኮዱ ውስጥ «እኔ አማርኛ ነኝ» ብሎ ያስታውቃል። ለጉግልም፣ ለማየት ለተሳናቸው ጽሑፍ ለሚያነብ ሶፍትዌርም ይጠቅማል። ዳሽቦርዱን (የማስተዳደሪያ ገጹን) በእንግሊዝኛ የለመደ ሰው በራሱ ፕሮፋይል ውስጥ እንግሊዝኛ መምረጥ ይችላል፤ ሌላውን አይነካም።

የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ በሉት። ሳይት ሲጫን ያለው ሴቲንግ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ካልቀየራችሁት ዜናው በተሳሳተ ሰዓት ይወጣል።

ብዙ ቴሞችና ፕለጊኖች ወደ አማርኛ አልተተረጎሙም። ገጹ አማርኛ ሆኖ ቁልፎቹ እንግሊዝኛ ይሆናሉ። ሎኮ ትራንስሌት የሚባለው ፕለጊን እያንዳንዷን ቃል ራሳችሁ እንድትተረጉሙ ያስችላል። ሲተረጎም አንድ ነገር ይጠበቅ፦ አንባቢውን እንዴት እንደምትጠሩት መጀመሪያ ወስኑ። አንዱ ቁልፍ «ያንብቡ» እያለ ሌላው «ፈልግ» ካለ ጆሮ ይቆረቁራል። ለማኅበር «ያንብቡ»፣ «ይፈልጉ»፣ «ይመለሱ» ይስማማል።

አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ ወይም እንግሊዝኛ የምትጨምሩ ከሆነ ፖሊላንግ የሚባለውን የብዙ ቋንቋ ፕለጊን አሁኑኑ ጫኑ። መቶ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ መጀመር በጣም ያደክማል።

6. ቴምና ፎንት

ክራክ የተደረገ ቴም አትጫኑ። በቴሌግራም «ፕሪሚየም ቴም በነፃ» እየተባለ የሚዞረው ብዙ ጊዜ ውስጡ የተደበቀ ኮድ አለበት። ዌብሳይታችሁ አንድ ቀን የቁማር ማስታወቂያ ማሳየት ይጀምራል። ነፃና ንጹሕ ከተፈለገ ከዎርድፕሬስ ጋር የሚመጡት ቴሞች በቂ ናቸው። እንደ ኤለመንተር ያሉ፣ ገጽን በማውዝ እየጎተቱ የሚሠሩባቸውን ፕለጊኖችም ለእንዲህ ያለ ሥራ አልመክርም። ገጹን ያከብዳሉ፤ ኋላ ላጥፋቸው ስትሉም ገጹ ይበታተናል። ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ ዎርድፕሬስ ራሱ ራስጌውንና ግርጌውን በማውዝ ማስተካከል ያስችላል።

አሁን ወደ ፎንቱ። ቴሙ የሚመጣው ኢንተር ወይም ፖፒንስ በሚባል ፎንት ነው እንበል። እነዚህ የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ታዲያ አማርኛው እንዴት ይታያል? ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ከራሱ ያለውን ያበድራል። አይፎን ኬፋን፣ አንድሮይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ ዊንዶውስ ኢብሪማን ወይም ኒያላን ያመጣል። በዚህ ምክንያት አንድ ገጽ በአራት መልክ ይታያል። ኒያላ ትንሽና ቀጭን ስለሆነ በአይፎን ጥሩ የነበረው ገጽ በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ዓይን ያደክማል። ቁጥሩና የላቲን ፊደሉ ደግሞ ከቴሙ ፎንት ስለሚመጡ ከአማርኛው ገዝፈው ይወጣሉ።

መፍትሔው የግዕዝ ፎንት ራሳችሁ መጫን ነው። ከዎርድፕሬስ 6.5 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 2024 ወዲህ፣ የፎንት ላይብረሪ በዳሽቦርዱ ውስጥ አለ። ከጉግል ፎንትስ ትመርጣላችሁ፤ ፋይሉ ወደ ራሳችሁ ሰርቨር ይወርዳል። ይህ ለጀርመን አባሎቻችን ሌላም ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 አንድ የሙኒክ ፍርድ ቤት ፎንቱን በቀጥታ ከጉግል ሰርቨር ማስመጣት የጎብኚውን አይፒ አድራሻ ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ ነው ብሎ 100 ዩሮ ካሳ ፈርዷል። ፎንቱ የራሳችሁ ሰርቨር ላይ ካለ ይህ ጉዳይ አይነሳም።

ለዜና ጽሑፍ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን እወደዋለሁ። ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ሁሉም ውፍረት አለው፤ ከላቲኑ ኖቶ ሳንስ ጋርም በቁመት ይጣጣማል። አቢሲኒካ ሲል የሚባለው በጣም ያማረ የብራና መንፈስ ያለው ፎንት ነው። ግን ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ቦልድ ስትሉት ብሮውዘሩ ራሱ በግድ ያወፍረዋል። ያኔ የጬ፣ የቋ፣ የሟ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ስለዚህ አቢሲኒካን የምትመርጡ ከሆነ ርዕሱን በቦልድ ሳይሆን በመጠን አጉሉት።

ከዚያ በሲኤስኤሱ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ወይም በስታይል ሴቲንጉ ውስጥ እነዚህን አስተካክሉ። የጽሑፉን መጠን 18 ፒክሰል አድርጉ። የመስመር ርቀቱን 1.7 ወይም 1.8 አድርጉ፤ ለእንግሊዝኛ የተቀመጠው 1.5 ለእኛ ይጠብባል። በርዕስ ላይ በፊደልና በፊደል መካከል ክፍተት የሚጨምር ሴቲንግ ካለ ዜሮ አድርጉት። የእኛ ፊደል ሲራራቅ ቃሉ ይፈርሳል፤ «ማስታወቂያ» ስድስት የተበተኑ ፊደላት ይሆናል። ብዙ ቴሞች ጥቅስን አጋድመው ያሳያሉ። ግዕዝ የተጋደመ ፊደል የለውም፤ ብሮውዘሩ የሚያሳየው በግድ የተዘመመ ነው። አጥፉትና ጥቅሱን በጎን መስመር ወይም በቀለም ለዩት። ጽሑፉን ከግራና ከቀኝ እኩል የሚያደርገውን አሰላለፍም አትጠቀሙ። ቃሎቻችን ረጅም ስለሆኑ በጠባብ ስልክ ላይ መሐሉ ክፍት ክፍት ይላል።

7. የገጽ አድራሻ

ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፉ ዎርድፕሬስ አድራሻውንም ከዚያው ይሠራል። ብሮውዘሩ ላይ በአማርኛ ስለሚታይ ደስ ይላል። ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ግን እያንዳንዱ ፊደል በመቶኛ ምልክት ወደታጀቡ 9 ምልክቶች ሊቀየር ይችላል። አንድ መካከለኛ ርዕስ ግማሽ ስክሪን ይሞላል። ሌላም አለ፦ ዎርድፕሬስ አድራሻውን በ200 ምልክት ይቆርጠዋል። 200ን ለ9 ስታካፍሉት 22 ፊደል ገደማ ነው። ረጅም ርዕስ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ አጀማመራቸው አንድ የሆነ ርዕሶችም በመጨረሻ ቁጥር ብቻ ይለያያሉ።

ስለዚህ አድራሻውን ሁልጊዜ በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ቃል አድርጋችሁ በእጅ ጻፉ። ለጸሐፊዋ አንዲት አጭር የአጻጻፍ ሰንጠረዥ ስጧት፤ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ በላቲን እንዴት እንደሚጻፉ። ዛሬ በአንድ መንገድ ነገ በሌላ ከሆነ መዝገቡ ይዘበራረቃል።

8. ቀንና ሰዓት

ዎርድፕሬስ ቀን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይህን አትንኩት። የሚቀየረው አንባቢው የሚያየው ብቻ ነው። አንዳንድ ሰዎች ከዓመቱ 8 ቀንሰው ይጽፋሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። ጳጉሜንም አለች፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 የምትሆነው። በእጅ የተሠራ ስሌት እዚህ ላይ ይወድቃል።

ደግነቱ ቀደም ብለን ያስበራነው ኢንትል የኢትዮጵያን ካሌንደር ያውቃል። ባለሙያችሁ ጥቂት መስመር ኮድ ጽፎ ቀኑን ያስቀይረዋል። ሲጨርስ በሁለት ቀን ፈትኑት። ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ካለ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2018 ካለ ጥሩ ነው። ኮዱ ቴሙ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው በትንሽ ፕለጊን ውስጥ ይቀመጥ። ቴም ሲዘምን ወይም ሲቀየር እንዳይጠፋ ነው።

ለውጭ አባላት የስብሰባ ሰዓት ከቀኑም የባሰ ነው። «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ስትሉ ዋሽንግተን ያለው ሰው በየትኛው አቆጣጠር ይረዳው? በዝግጅት ገጹ ላይ የከተሞቹን ሰዓት አብራችሁ ጻፉ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በክረምታቸው እኩለ ቀን ነው፤ በበጋቸው ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 1 ሰዓት። ፍራንክፈርትም እንዲሁ በአንድ ሰዓት ትወዛወዛለች። እኛ ሰዓት ስለማንቀይር ይህ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ሰው ያሳስታል።

9. ፍለጋ

እዚህ ላይ ብዙ የአማርኛ ዌብሳይቶች ይወድቃሉ። ጸሐፊዋ «ኃይለ ሥላሴ» ብላ ጻፈች። አንባቢው በስልኩ «ሀይለ ስላሴ» ብሎ ፈለገ። መልሱ «ምንም አልተገኘም» ነው። ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። «ፀሐይ» ብቻ በስንት መንገድ ይጻፋል!

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ጽሑፉ ሴቭ ሲደረግ ድብቅ ቅጂ ይሠራለታል። በዚያ ቅጂ ውስጥ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው ይለወጣሉ። ሃ ወደ ሀ፣ ኣና ዓ ወደ አ መምጣታቸውም አይረሳ። አንባቢው የሚጽፈው ቃልም በዚሁ ወንፊት ያልፍና ከድብቁ ቅጂ ጋር ይነጻጸራል። የሚታየው ጽሑፍ አይነካም፤ ጸሐፊዋ እንደጻፈችው ይቀራል። ሬሌቫንሲ የሚባለው የፍለጋ ፕለጊን እንዲህ ያለውን ማስተካከያ ለማስገባት ምቹ ነው።

ግን አንድ ነገር እወቁ። የዎርድፕሬስ የራሱ ፍለጋ ቃሉን በሌላ ቃል ውስጥም ያገኘዋል። «ጉባኤ» ብትሉ «የጉባኤውን» ያመጣል። የ፣ በ፣ ለ ከፊት ለሚቀጠሉበት ቋንቋ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የፍለጋ ፕለጊኖች ግን ሙሉ ቃል ብቻ እንዲፈልጉ ሊደረጉ ይችላሉ። ከፊል ቃል የሚለውን ምርጫ ማብራት አለባችሁ። ያም ሆኖ «ቤት» ብሎ የፈለገ «ቤቶች»ን አያገኝም። ብዙ ሲሆን «ት» ወደ «ቶ» ስለሚለወጥ ነው። ለዚህ ዓይነቱ በብዛት የሚፈለጉ ቃላትን ዘርዝራችሁ እንደ ተመሳሳይ ቃል መመዝገብ ነው፤ አባል ከአባላትና ከአባሎች፣ ሰነድ ከሰነዶች። ለአንድ ማኅበር ሃምሳ ስልሳ ቃል ይበቃል።

10. የድሮ ጽሑፎችን ማስገባት

ማኅበሩ ያረጁ የወርድ ፋይሎች ይኖሩታል። በቀድሞዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉት ኮፒ ተደርገው ሲለጠፉ የምልክት ዝባዝንኬ ይሆናሉ። ምክንያቱም እነዚያ ፎንቶች የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ግዕዝ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በድሮው መንገድ የጻፈ ብዙ ነው። መጀመሪያ በመቀየሪያ ሶፍትዌር ወደ ዩኒኮድ ይለወጡ። ከዚያ ሰው ያንብባቸው። በተለይ ሥርዓተ ነጥቡና እንደ ኋና ቋ ያሉት ብዙ ጊዜ ተሳስተው ይወጣሉ። ጊዜ ካጠረ ደንቡንና የቅርብ ዓመት ቃለ ጉባኤዎችን ብቻ ለውጡ። ሌላው ስካን ሆኖ በፒዲኤፍ ይቀመጥ።

11. ፕለጊን፣ ፎቶና ክፍያ

ፕለጊን ሲያንስ ይሻላል። የዝግጅትና የሰነድ ዓይነቶችን ለመፍጠር አድቫንስድ ከስተም ፊልድስ፣ ለባክአፕ አፕድራፍት ፕላስ፣ ለፍጥነት አንድ የካሽ (የገጹን ዝግጁ ቅጂ አስቀምጦ ቶሎ የሚያሳይ) ፕለጊን፣ ለመግቢያ ጥበቃ አንድ። ዮስት ወይም ራንክ ማዝ የሚባለው የፍለጋ ማመቻቻ ፕለጊን ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ የሚታየውን ርዕስና ፎቶ ለማስተካከል ይጠቅማል። ስለ አጻጻፋችሁ የሚሰጣችሁን ቀይና አረንጓዴ መብራት ግን ተዉት፤ ለአማርኛ ዓረፍተ ነገር አልተሠራም። ቴሌግራም የድሮውን ፎቶ እያሳየ ካስቸገረ ዌብፔጅቦት ለሚባለው የቴሌግራም ቦት ሊንኩን ላኩለት፤ ያድሰዋል።

በስልክ የተነሳ ፎቶ 4 ወይም 5 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። በሞባይል ዳታ ለሚከፍት አባል ይህ ብር ነው። ከመጫኑ በፊት ስፋቱ ወደ 1600 ፒክሰል ይውረድ፤ ዌብፒ በሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

ለመዋጮ አገር ውስጥ ላሉት ቴሌብርና ቻፓ አሉ። ቻፓ ከዎርድፕሬስ ጋር የሚያገናኝ ፕለጊን አለው። ለውጭ አባላት በሚኖሩበት አገር ሕግ የተቋቋመው ቅርንጫፍ የራሱን መቀበያ ይክፈት። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ።

12. ርክክብ

ለጸሐፊዋ የኤዲተር መብት ስጧት። አድሚኒስትሬተር ሁለት ሰው ብቻ ይሁን፤ አንዱ የማኅበሩ አባል፣ አንዱ ባለሙያው። ለሁሉም የየራሱ አካውንት ይኑረው፤ አንድ ፓስወርድ ለአምስት ሰው አይዙርም። አንድ ሰው ሥራውን ሲለቅ አካውንቱ በዚያው ቀን ይዘጋ፤ ስትዘጉ ጽሑፎቹን ለሌላ ሰው አዛውሩ እንጂ አብረው አይጥፉ።

ባክአፑ ከሰርቨሩ ውጭ፣ ለምሳሌ ጉግል ድራይቭ ላይ ይቀመጥ። አንዴ በባዶ ሳይት ላይ መልሳችሁ ጫኑትና መሥራቱን እዩ። ያልተሞከረ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት አዘጋጁ። ዶሜይኑ የት እንደተገዛ፣ ሆስቲንጉ የት እንደሆነ፣ የቀን መቀየሪያውና የፍለጋው ፕለጊን ምን እንደሚባሉ፣ ማን እንደሠራቸው ይጻፍበት። ፓስወርድ ወረቀቱ ላይ አይጻፍ፤ በፓስወርድ ማስቀመጫ ይሁን። የዶሜይንና የሆስቲንግ ማደሻ ቀን በሥራ አስፈጻሚው ካሌንደር ላይ ከአንድ ወር በፊት ይመዝገብ፤ ገንዘብ ያዡም ይወቀው።